የቡናው ትዝታ የማን ነው?

በአገራችን ጋዜጣ ላይ ዓምድ የተሰጠው ሰው፣ ዕድሜ ከሰጠው አንድ ቀን ስለ ቡና መጻፉ አይቀርም። ሲጽፍ ምን እንደሚጽፍም ይታወቃል። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ቡናው ምጣዱ ላይ ይንጣጣል፤ ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ጸሐፊው ዓይኑን ጨፈን ያደርግና ትዝታው ይመጣል። አያቱ ይመጣሉ፣ የልጅነት ሰፈሩ ይመጣል፣ አልፎ አልፎም የመጀመሪያ ፍቅሩ በመስኮት ብቅ ትላለች። ጽሑፉ ሲያልቅ አንባቢው "ወይ ጊዜ!" ብሎ ራሱን ይነቀንቅና ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ጓዳ ይጣራል። "እስቲ ቡና አፍሉልኝ!"

"አፍሉልኝ" ነው ያለው፤ "ላፍላ" አላለም። የዛሬው ነገሬ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው።

መቼም ሁላችንም የየራሳችን ቡና አለን። የአዲስ አበባው ሰው ማኪያቶውን ይወዳል። ወተቱ በዛ፣ ቡናው አነሰ እያለ ከአስተናጋጁ ጋር ሲከራከር ላየው የአገር በጀት የሚያጸድቅ ይመስላል። ፒያሳ ቶሞካ ገብቶ ጥቁር ቡናውን ቆሞ የሚጨልጠው ደግሞ አለ። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ የኖረ ስለሆነ የአባቱን ወጣትነት አብሮ የሚጠጣ ይመስለዋል። ቡናና ሻይ አደባልቆ "ስፕሪስ" የሚል አለ፤ እሱ ነገር ቁርጥ አድርጎ መወሰን የማይሆንለት ሰው ነው። ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ደግሞ በአፓርታማው ቡና ሊቆላ ሲነሳ አስቀድሞ ወንበር ላይ ወጥቶ የጭስ ማስጠንቀቂያውን በፎጣ ይሸፍናል። ካልሸፈነ "ቡና ጠጡ" ያላላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከተፍ ይላሉ። ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን "ቡና ቤት" የምንለው ነው። ቢራ የሚሸጥበትን፣ ሰው ትዝታውን ሊረሳ የሚገባበትን ቤት በቡና ስም መጥራታችን!

የእኔን ከጠየቃችሁ፣ ጤና አዳም ጣል የተደረገበት የጀበና ቡና ነው። ያውም አምበር ላይ። አምበርን ለማያውቃት፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ፣ ደብረ ማርቆስ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የሚያገኛት ከተማ ናት፤ የአነደድ ወረዳ መቀመጫ። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። አየሯ ቀዝቃዛ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከሸራ ጥላ ሥር፣ ጀበና የተጣደባት ምድጃና ዙሪያዋን የተደረደሩ ዱካዎች አይጠፉም። ብርድ የመታው ሹፌርና ገበያ የወጣ ገበሬ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

አምበር ቡና አይበቅልባትም። ደጋ ናት፤ የጤፍና የስንዴ አገር ናት። ቡናው ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፤ ጤና አዳሙ ግን የጓሮ ነው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ እኔም እንደ ሰው ወደ ኋላ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጨው ነው። ልጅ ሳለሁ ስኳር ብርቅ ስለነበር ቡና የሚጠጣው በጨው ነበር። ቡናው ራሱ የጠፋ ጊዜ ደግሞ ገብስ አሮ እስኪጠቁር ተቆልቶ ይወቀጥና በጀበና ይፈላል። ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ይጠራል፤ መጥቶም ፉት ብሎ "ቡናሽ ደስ ይላል" ይላል። ሁሉም ገብስ መሆኑን ያውቃል። ያን ጊዜ ጨዋነት ማለት ይኸው ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ የሰፈሩ ወጣት መዝመት ከጀመረ በኋላ፣ ማንበብ የምችል ልጅ ስለነበርኩ የቡናው ጉባኤ አንባቢ ሆኜ ተሾምኩ። ደብዳቤው ለማንም ይምጣ፣ የሚነበበው ቡና ላይ ነው። አቦል ላይ አይነበብም፤ ሰው ገና ተሰብስቦ አላለቀም። ቶና ሲቀዳ እናትየዋ ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ታወጣዋለች። "ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ሁሉም በአንድ አፍ "ተመስገን" ይላሉ። በረካው ደብዳቤ ያልመጣላት ሴት ተራ ነው። ማንም ምንም አይጠይቃትም። ስኒዋን ብቻ ከሌላው ሞላ አድርገው ይቀዱላታል። እኔ ዛሬም ጢም ብሎ የተቀዳ በረካ ሳይ ልቤ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ እዚህ ድረስ የጻፍኩት ያው የተለመደው የቡና ጽሑፍ ነው። ትዝታው እውነት ነው፤ ሲያነቡትም ደስ ይላል። ግን አንድ ሰው ጎድሎበታል። ደብዳቤው ሲነበብ ጀበናውን ከእሳት ያወረደው ማን ነው? ስኒው ሞላ ብሎ እንዲቀዳ ያወቀውስ? በእንዲህ ዓይነቱ ትዝታችን ውስጥ እጇ ይታያል፤ ፊቷ ግን ሁልጊዜ ጭስ ውስጥ ነው።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሽታ ትዝታን የሚቀሰቅስበትን ምክንያት ሳይንሱ ይነግረናል። ከአፍንጫ የሚነሳው መልእክት፣ ስሜትንና ትውስታን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች የሚደርሰው ከዓይንና ከጆሮ ከሚመጣው ባጠረ መንገድ ነው። በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በታተመው የረዥም ልቦለዱ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ፣ ተራኪው ሻይ ውስጥ ነክሮ የቀመሳት ትንሽ ኬክ የልጅነት ዘመኑን ከነመንደሩ መልሳ ታመጣለታለች። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሳይቀር ያቺን ኬክ ያውቃታል። ያን ቀን ልጇ ብርድ መትቶት ሲገባ አይታ፣ አልፈልግም እያለ ሻዩንና ኬኩን ያስቀረበችለት እናቱ መሆኗን የሚያነሳ ግን እምብዛም አይገኝም። እዚያም ትዝታው የጠጪው ሆኖ ቀርቷል።

ወደ አምበር ልመልሳችሁ። መንገዱ ሰላም በሆነለት አንድ ሰሞን ወደዚያ ወጥቼ ከሸራ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ቡናውን የምታፈላው አርባን አለፍ ያለች ሴት ናት። ጤና አዳሙን ጣል አድርጋ ስኒውን ስታቀብለኝ፣ ሁላችንም ለራሳችን የምንጠይቀውን ጥያቄ ለእሷ አነሳሁላት።

"እታለም፣ አንቺንስ የቡና ሽታ ምን ያስታውስሻል?"

ማርገብገቢያዋን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ጥያቄው ለእሷ መሆኑን የተጠራጠረች መሰለች።

"እኔን ነው ወንድም ዓለም? ውሃ ነዋ!"

"ውሃ?"

"ውሃ እንጂ። ከምንጭ ተሸክሜ መጥቼ እንስራውን ከጀርባዬ ሳላወርድ 'ጀበናውን ጣጂው' ይሉኛል። እናንተ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትላላችሁ። እኔ ሲጨመርበት የማየው ሌላ ነው። አሁን አለቀ፣ አሁን ደግሞ ልውረድ ነው፤ ያንን ነው የማስብ።"

አጠገቤ የተቀመጠው ሹፌር ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ስኒ እያለቀለቀች፣ ለማንም እንደማትናገር ሆና ቀጠለች። ጠዋት ቡና ሳታፈላ ወደ ትምህርት ቤት አይለቋትም ነበር። ስትደርስ ሰልፉ አልፏል፤ የረፈደበት ተማሪ ተንበርክኮ ይቆያል። አራተኛ ክፍል ላይ መንበርከኩ ሲመራት ቀረች።

"ያኔ በምርቃት ነበር የማፈላ" አለች። "'እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ውለጂ፣ ክበጂ' ይሉኛል። አሁን በገንዘብ ሆነ። ገንዘቡ ይሻላል፤ ይቆጠራል።"

እኔ እስካሁን ስለ ቡና ካነበብኩት ሁሉ ይህችን የመሰለ ሂስ አላየሁም።

እስቲ እንቁጠረው እኛም። ቡና ይጠጣ ሲባል ምን ይሠራል? ውሃ ይቀዳል። ከሰል ወይም እንጨት ይቀጣጠላል። ጥሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ምጣዱ ላይ እየተማሰለ ይቆላል። ሽታው ለእንግዶቹ በየተራ ይዞርላቸዋል፤ ጭሱ ግን ቆልታ ለያዘችው ይቀራል። ሙቀጫና ዘነዘና ይወጣል፤ ይወቀጣል። ጀበናው ይጣዳል፣ ይገነፍላል፣ ይወርዳል፣ ማቶት ላይ ተቀምጦ እስኪጠል ይጠበቃል። ስኒው ረከቦት ላይ ይደረደራል፤ ይቀዳል፤ ይለቀለቃል፤ እንደገና ይቀዳል። በመካከሉ ቆሎው ተቆልቶ መቅረብ አለበት። "ቡና ጠጡ" ተብሎ ጎረቤት መጠራት አለበት። ሁሉም ሲሄድ አተላው ይደፋል፤ ቄጤማው ይጠረጋል። ይህን ሁሉ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ይፈጃል ብንል፣ በዓመት 730 ሰዓት ይሆናል። ሌሊቱም ተቆጥሮ ሠላሳ ሙሉ ቀን ማለት ነው። በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ ከጀበና ሥር! በቀን ሦስቴ የሚፈላበትን ቤት ሒሳብ ለእናንተ ትቻለሁ። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ የሚጠጋውን እዚሁ እንጠጣዋለን ብለን እንኮራለን። ኩራቱ ጥሩ ነው። የሚፈላው በማን ጉልበት እንደሆነ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ማስታወቂያዎቻችንን ተመልከቱ። ቆንጆዋ ሴት የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ፈገግ እያለች ትቀዳለች። ሰውዬው ይቀበላል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በሐሳብ ይሄዳል። እሷ የትም አትሄድም። አንድም ቀን ስትጠጣ አይቼ አላውቅም። አንዲት ቃልም አትናገርም። የሆቴሎቻችንን አዳራሽ፣ የሠርግ ቤቱን፣ የመሥሪያ ቤቱን በዓል ተመልከቱ፤ ረከቦቱ በአንድ ጥግ ይዘጋጃል፤ እንግዳው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ከዕቃዎቹ መካከል የሚተነፍሰው እሷ ብቻ ናት።

ታዲያ ይህ ከየት መጣ ያልን እንደሆነ፣ ስለ ቡና የምንነግረው ታሪክ ራሱ እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነው። "ከሦስት ሺህ ዘመን ጀምሮ" የሚሉን አሉ። ቡና የእኛ መሆኑ አያከራክርም፤ አረቢካ የተባለው ዝርያ ዱር በቀል መገኛው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። በክርስቲያኑ ደጋ ግን ቡና ለረዥም ዘመን የተነወረ ነበር። የእስላም መጠጥ ነው እየተባለ ካህናቱ ያወግዙት ነበር። ነገሩ መላላት የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና በሚጠጡበት፣ አቡነ ማቴዎስም ውግዘቱን ለማስቀረት በጣሩበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የአምበር ዓይነቱ አገር ከቡና ጋር ያለው ዕድሜ የጥቂት ትውልድ ነው። ጎጃም ውስጥ ልዩ የሆነው ዘጌ ነው። እዚያ፣ ጣና ዳር፣ ቡናው በገዳማቱ ደን ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ትውፊቱም መጀመሪያ ቡናን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል።

የዓለሙ ትውፊት ደግሞ ካልዲ የሚባለውን የፍየል እረኛ ሰጥቶናል። የእረኛውን ተረት በአውሮፓ ያሳተመው ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ ማሮናዊ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1671፣ ሮም ላይ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም። ካልዲ የሚለው ስም ከብዙ ዘመን በኋላ የተለጠፈ ነው። እኛም ተረቱን ወደድነው፤ ካፌም ሰየምንለት። ክፋት የለውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍሬውን ፍየል ሲበላ አይቶ ለተገረመው ሰው ስም ወጣለት። ፍሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ምጣድ ላይ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በሸክላ ዕቃ አፍልታ ለሰው ያቀረበችው ሴት በተረት እንኳ ስም የላትም። ጀበናውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪማ ጭራሽ አትነሳ! የእጇን ሥራ እያቆላመጥን ይዘን እሷን "ቡዳ" ስንል የኖርን ሕዝብ ነን።

ስምን ማስከበር የማናውቅ ሰዎች ሆነን ግን አይደለም። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ስታርባክስ የተባለው ግዙፉ የቡና ኩባንያ ነገሩን አልወደደውም ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ኦክስፋም የዘመቻው አጋር ሆኖ ነበር። በመጨረሻ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኩባንያውና መንግሥት ተስማሙ። ያን ሰሞን በየካፌው የነበረው ወኔ ትዝ ይለኛል። "ላባችን የእኛ ነው፣ ስማችን የእኛ ነው" ስንል ነበር። አባባሉ ትክክል ነበር። የደከመ ሰው የድካሙ ስም ሊጠራለት ይገባል። ያንኑ ሚዛን ከሲያትል አምጥተን ጓዳችን ውስጥ ብናስቀምጠው ምን ያሳየን ይሆን?

አሁን "ይኼ ሰውዬ ደግሞ ቡናችንን ሊያፈርስብን ነው" የምትሉ አላችሁ። ሐሳባችሁን አውቀዋለሁ፤ ግማሽ እውነትም አለው። ቡና ለሴቶቹ ሸክም ብቻ አልነበረም። በብዙ ቤት ውስጥ ሴት ቁጭ ብላ ያለ ወቀሳ የምታወራበት ብቸኛው ሰዓት የቡና ሰዓት ነው። የተጣሉ ጎረቤታሞች የሚታረቁት እዚያ ነው። ዕቁቡ የሚሰበሰበው፣ የታመመው የሚጠየቀው፣ ሙሽሪት የምትታጨው፣ ባሏ የሚማታ ሴት ምክር የምታገኘው እዚያ ነው። ቡናውን አጥፉት ብትሏት መጀመሪያ የምትቆጣችሁ እሷው ናት። የአምበሯም ሴት ብትሆን የምትኖረው በጀበናዋ ነው። ስለዚህ ሙግቴ ከቡናው ጋር አይደለም። ሙግቴ፣ እሷ የደከመችበትን እኛ ብቻ ትዝታ ካደረግነው ከእኛ ጋር ነው።

ሌላም ቅሬታ አለ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አየሁ። ማኪያቶዋን ከፊቷ አድርጋ ስልኳን ትነካካለች። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። "የዛሬ ልጆች! ጀበና መጣድ እንኳ አያውቁ። ባህሉ ጠፋ!" አሉ። እኔ ግን ልጅቱን ሳይ ሌላ ነገር ታየኝ። ምናልባት በዘሯ ቡና ተፈልቶ የቀረበላት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። እናቷ ቀድታለች፤ አያቷ ቀድታለች። እሷ ዛሬ ከፍላ ተቀምጣ ትጠጣለች። ከሃያ ዓመት በኋላ የማኪያቶ ሽታ ምን ያስታውሳታል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ፈተና ያጠናችበትን፣ ከጓደኛዋ ጋር የሳቀችበትን፣ ስለ ራሷ ያሰበችበትን ሰዓት ያስታውሳታል። ውሃ አያስታውሳትም። ባህል ጠፋ ከማለታችን በፊት ይህቺን ሰዓት ማንም ሰጥቷት እንደማያውቅ እንይ። ቡናውን ቆማ የምታመላልሰው አስተናጋጇም ሴት መሆኗን ሳንረሳ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነገሬ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የነደደው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምን አልማረም። መንገድ ሲዘጋ መኪና ይቆማል፤ መኪና ሲቆም የመንገድ ዳሩ ከሰል ይጠፋል። ከሰሉ የጠፋባት ሴት የዚያን ቀን ገቢ የላትም። በየቤቱ ግን ጀበናው መጣዱ አልቀረም። እኔ በልጅነቴ ደብዳቤ ያነበብኩበት ቡና እንደገና የሐዘን ቡና ሆኗል። ዛሬ ደብዳቤ የለም፤ ስልክ ነው። ኔትወርኩ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ስልኩም የለም። ያልተደወለላት እናት ተቀምጣለች። ስኒው ሞላ ተደርጎ ይቀዳላታል። ያንን ስኒ ሞላ የምታደርገው ሴት ማን እንደጠፋ፣ ማን እንደተመለሰ፣ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ ከማንም በላይ ታውቃለች። ወንዱ አቦሉን ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጎረቤት ቶና ላይ ይነሳል። ከመጀመሪያው ጭስ እስከ መጨረሻው አተላ የምትቆየው እሷ ብቻ ናት። የአገር ትዝታ የሚጠራቀመው እሷ ዘንድ ነው።

ታሪክ ጸሐፊ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል፤ ጋዜጠኛ ወደ ባለሥልጣን ይሄዳል። ወደ ጀበናዋ የሚሄደው ሊጠጣ ብቻ ነው። እነዚህ ዓመታት ምን እንደነበሩ አንድ ቀን ሊጻፍ ነው። ሲጻፍ እሷ ካልተጠየቀች፣ የምናነበው አቦል ላይ ተነስቶ የሄደ ሰው የጻፈውን ይሆናል።

ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም፤ ኮሚቴ ማቋቋምም አያስፈልግም። ወንድ ልጅ ያላችሁ ቡና መቁላት አስተምሩት፤ ምጣድ እጁን አይቆርጠውም። ሴት ልጃችሁ ሰልፍ ከሚያመልጣት ቡናው ይርፈድ። እናንተም ከሳምንቱ አንዱን ቀን፣ ቅዳሜም ይሁን እሑድ፣ ውሃውን ራሳችሁ ቅዱ፤ ጀበናውን ራሳችሁ ጣዱ። የምታፈላላችሁ ሴት፣ እናት ትሁን ሚስት፣ እህት ትሁን የቤት ሠራተኛ፣ ከእናንተ ቦታ ላይ ትቀመጥ። አቦሉን መጀመሪያ ለእሷ ስጧት። ቡናችሁ ወይ ቀጥኖ ወይ አሮ ይሆናል፤ "ቡናህ ደስ ይላል" ትላችኋለች፤ ጨዋ ናትና። ከዚያ የቡና ሽታ ምን እንደሚያስታውሳት ጠይቋት። ጠይቃችሁም ዝም በሉ።

መጀመሪያ "ውሃ" ብትላችሁ አትደንግጡ። ሌላውን በረካ ላይ ትነግራችኋለች።

ቸር ያሰማን።